ለእህት የተሰላ የጥገና ሂሳብ

መጋረጃ ሰፊዋ መኪና ለመግዛት አራት ዓመት ሙሉ ስታጠራቅም አንድም ቀን ስለ ቀለሙ አስባ አታውቅም። የምታስበው ስለ ርዝመቱ ነበር። የመጋረጃ ዘንግ ሦስት ሜትር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ይዛው ስትገባ ሾፌሩ ይቆጣታል፣ ተሳፋሪው ይገላምጣታል፤ አንድ ጊዜማ የዘንጉ ጫፍ የአንድ አዛውንት ባርኔጣ አንስቶ በመስኮት አውጥቶባቸው፣ እስክትወርድ ድረስ ይቅርታ ስትጠይቅ ሄዳለች። በኪራይ መኪና ልሂድ ካለች ደግሞ የሳምንቱን ትርፍ ሾፌሩ ይዞባት ይሄዳል። ስለዚህ የኋላ ወንበሩ ታጥፎ ዘንግ የሚያስተኛ አሮጌ መኪና ፈለገች። ያላት ሁለት መቶ ሺህ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አቅሟ አይደለም።

"ያገለገለ መኪና ሁለት ዋጋ አለው" ይላት ነበር ጋሼ። "አንዱን ለሻጩ ትከፍያለሽ፣ ሌላውን ለመካኒኩ። ሁለቱን ሳትደምሪ እጅሽን ወደ ቦርሳሽ እንዳትሰጂ።"

ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሙያው መካኒክነት። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እሱ ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ ገባና እሷን አስተማረ። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛላትም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ጥቁሩን ነጭ ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? እሷም አልተከራከረችም፤ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

በሥራው ጥንቁቅ መሆኑን ማንም አይክደውም። አንድ ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ አናቱ ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ ጭረት ያሰምርበታል። ጥፍር ቀለም በዘይት አይለቅም፤ ጭረቱ ከቦታው ዞሮ ከተገኘ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። የጋራዡ ሰዎች "ዛሬ ደግሞ የትኛዋን ሙሽራ ልታስውብ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ቀለሙን የምታቀርብለት እህቱ ናት። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ቀይ መስሏት የገዛችው፣ ቤት ወስዳ ስትከፍተው ግን የሚጮህ ብርቱካንማ ሆኖ ያገኘችው ብልቃጥ ነበር፤ እሱን ስትሰጠው ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መጀመሪያ ያዩት ሰማያዊ መኪና ነው። የመኪናው ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው። ገና ሳይጠየቁ ጉድለቱን ማስረዳት ጀመሩ። "ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የኋላ ጎማዎቹ አልቀዋል፤ ዝናብ ሲሆን በግራ በር ውሃ ይገባል" እያሉ፣ የተማሪ ስም የሚጠሩ ይመስል አንድ በአንድ ዘረዘሩላቸው። ዋጋው መቶ ሃምሳ ሺህ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ ሴትዮዋንም መኪናውንም ወደደች። ጋሼ መኪናው ሥር ተኝቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየና ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

"ያልነገሩሽ ብዙ አለ" አላት መንገድ ላይ፤ ወረቀት አውጥቶም ጻፈላት። ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ መሪ፣ ራዲያተር። ድምሩ ሰባ አምስት ሺህ መጣ። ከመኪናው ዋጋ ጋር ስትደምረው ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሺህ። ቅር እያላት ተወችው።

በሳምንቱ ጋሼ ራሱ የአንድ ሰው ስልክ ሰጣት። "ነጭ መኪና አለ ብለው ጠቁመውኛል፤ እስቲ ደውዪ።" ባለቤቱ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው። ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ሲሄዱ ጋሼ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ እሷም እየመራች ወሰደችው። ባለ መድኃኒት ቤቱና ጋሼ ተጨባበጡ፤ "እንደምን ዋሉ" ተባባሉ። መኪናው ታጥቦ ያብለጨልጫል። ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። "ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ። ወረቀቱ ላይ የፍሬን ሸራና ባትሪ ብቻ ጻፈ፤ አሥራ ሁለት ሺህ። መኪናው መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ደመረች፤ መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ። ስምንት ሺህም ተረፋት። በዚያው ሳምንት ከፍላ ወሰደችው።

ሃያ ቀን ነዳችው። ያን ሃያ ቀን ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ዘንጎቿን ከኋላ አስተኝታ፣ መስኮት ከፍታ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ ባየች ቁጥር ፈገግ ትላለች። በሃያ አንደኛው ቀን፣ ለአንድ ክሊኒክ አሥራ አራት መጋረጃ ጭና ስትሄድ፣ የሙቀት መለኪያው እስከ መጨረሻው ወጣ፣ ከፊት እንፋሎት ተነሳ፣ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጋሼ ጋ ደወለች። ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ስልኩ አልሠራ አላት። አንድ ደግ የጭነት መኪና ሾፌር ጎትቶ፣ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ አደረሳት።

የዚያ ጋራዥ መካኒክ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ለንግግር የሚሰስት ሰው ነው። የሞተሩን የላይኛውን ክዳን አነሳ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ አጎንብሶም ብዙ አየ።

"ቴስታታው ተሰንጥቆ ነበር" አላት፤ የሞተሩን ራስ ማለቱ ነው። "ተበይዷል። እንዲህ የተበየደ ደግሞ አይቆይም። የሠራው ሰው ሙያውን ያውቃል፣ እንደማይቆይም ያውቃል። ደህና ተደርጎ ይሠራ ከተባለ ዘጠና ሺህ ይፈጃል።"

ከመኪናው ግማሽ ዋጋ ጋር እኩል መሆኑን አስባ ሳትጨርስ፣ ሰውዬው በጣቱ ወደሚያሳያት ጎንበስ አለች። አሥር ቡሎን ነው። በእያንዳንዱ አናት ላይ የሚጮህ ብርቱካንማ ጭረት አለ።

ክው አለች። መነጽራሙ ያመማት መስሎት ወንበር አቀረበላት። "ምነው?" ሲላት "ምንም" አለችው። ጋሼ የሻጩ ቤት በየት በኩል ነው ብሎ ሁለት ጊዜ የጠየቃት ነው ትዝ ያላት። ዘጠናው ሺህ ቆሽቷን አሳርሯታል፤ አንጀቷን የቆረጠው ግን ያ ጥያቄ ነው። መንገዱን እንደማያውቅ ሆኖ ከኋላዋ ሲከተላት፣ እሷ ደግሞ እየዞረች "በዚህ በኩል ነው ጋሼ፣ ጉድጓዱን ልብ በል" ስትለው ነበር።

በማግስቱ ጋሼ መመለሱን ሰምታ ጋራዡ ሄደች። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

"ነጩን መኪና ከዚህ በፊት ታውቀው ነበር?" አለችው።

"ማን ከፈተው?"

"የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።"

ጋሼ ጨርቁን አጣጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው። "አውቀዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ከአምስት ወር በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ዕቃውን ሁሉ ከኪሴ ነው የገዛሁት። ሰውዬው መኪናው ሲሸጥ እሰጥሃለሁ እያለ ቀን ሲቆጥርብኝ ከረመ።"

"እና እኔን ወሰድክለት።"

"መኪና ፈልግልኝ ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ። ስሚኝ እስቲ። ለሌላ ሰው መጥፎ መኪና ነው፣ አልዋሽሽም። ላንቺ ግን ምን ቸገረሽ? ሲበላሽ እኔ አለሁልሽ። የእጄን ዋጋ መቼ ጠይቄሽ አውቃለሁ? ስለዚህ ያንን ጥገና ካንቺ ሂሳብ አላስገባሁትም። አንቺ መኪና ታገኛለሽ፣ እኔ ገንዘቤን አገኛለሁ። ማንም አይጎዳም ብዬ ነው።"

የሚያበሽቀው ነገር፣ ጋሼ ያለውን ከልቡ ማመኑ ነው። ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ሂሳቡን አውጥቶ አውርዶ፣ እህቱን በአንድ በኩል፣ የገዛ እጁን በሌላ በኩል አስቀምጦ፣ ልክ መጥቶለታል። እሷን መጠየቅ ብቻ ነው የረሳው።

"የአስተማሪዋስ መኪና?" አለች። "ሰባ አምስት ሺህ ያልከኝ?"

"ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ።"

"እውነተኛው ስንት ነበር?"

"ሠላሳ አምስት" አለ መሬት መሬት እያየ። "ቢበዛ።"

በልቧ ደመረችው። መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ፤ አሥራ አምስት ሺህ ተርፏት የአስተማሪዋን መኪና ትነዳ ነበር። ሰማያዊው መኪና ከተሸጠ ቆይቷል።

"አንድ ነገር ንገረኝ" አለችው። "የማታውቃት ሴት ከመንገድ ገብታ፣ ነጩን መኪና ልግዛው ወይ ብላ ብትጠይቅህ ኖሮ ምን ትላት ነበር?"

ጋሼ ጨርቁን ከጎኑ አስቀመጠ።

"ተይው እላት ነበር" አለ።

"ሴትዮዋን ባታውቃት ነው ታዲያ የሚሻላት።"

ጋሼ እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን ስጪኝ። ያለብሽን ሥራ ላቋርጥብሽ አልፈልግም፤ ሌላውን ሁሉ ትቼ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ። አንድ ሳንቲም አታወጪም።"

"ቁልፉ መነጽራሙ መካኒክ ጋ ነው" አለችው። "ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቀብድ ከፍዬዋለሁ።"

"ለምን? እኔ እያለሁ ለባዕድ ዘጠና ሺህ?"

"እሱ አያውቀኝም" አለችና፣ አውቶቡሱ ሳያመልጣት ለመድረስ ፈጠን ብላ ወጣች።