ሦስት መጋዘን በርበሬ

ባለቤቴ ያህያ ብልህ ነጋዴ ነው፤ የሚለው ራሱ ነው። «ንብረቴን አንድ ቦታ አላከማችም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አንዱ መጋዘን ቡሬ፣ አንዱ ማንኩሳ፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም ነው። ሦስቱም ውስጥ ያለው በርበሬ ነው።

አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ ይተርፋሉ፤ ይህን አልክድም። ዋጋ ሲወድቅ ግን ሦስቱም ጋ በአንድ ቀን ይወድቃል። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲያ ሆነና ልጃችን ማህዲ የኮሌጅ ክፍያ አጥቶ ከሁለተኛ ዓመት ቀረ። ዛሬ ቡሬ ላይ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ነገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ እህቱ ሃያት ፍኖተ ሰላም አካውንቲንግ ጀመረች። ለአባቷ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችው። «አባዬ፣ ፖርትፎሊዮ ማለት የአንዱ ዋጋ ሲወድቅ አብሮ የማይወድቅ ነገር መያዝ ነው። ቦታ መቀያየር አይደለም።» እሱ ሳቀ። «እኔን ንግድ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት።

እኔ አልሳቅኩም። የማንኩሳው መጋዘን የአባቴ ውርስ ነው፤ በርበሬውም በስሜ ነው። በማግስቱ ሄጄ ሁሉንም ለሽያጭ አወጣሁት። ገዢው ገብረሰንበት እንኳ አዘነልኝ፤ «ምነው እትዬ ራጂያ፣ ወር ቢታገሡ አይሻልም?» አለኝ።

«ስታገሥ ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቻለሁ። ይልቅ መዝኑልኝ» አልኩት።

በግማሹ ገንዘብ እዚያው ማንኩሳ ከአንድ ወፍጮ ቤት ድርሻ ገዛሁ፤ በርበሬ ረከሰም ተወደደም ሰው እህል ማስፈጨቱን አይተውም። በቀረው የሃያትን የዓመት ክፍያ ከፈልኩ። ያህያ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ከዚያስ? በርበሬ ተወደደ! በሁለተኛው ወር ያህያ እየተፍለቀለቀ ገባ። «ስንት እንዳመለጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፤ ቆጭቶኛልም። ዛሬም ቢሆን ግን እሸጠው ነበር» አልኩት። «አሁን የፍኖተ ሰላሙን አንተ ሽጥ። ማህዲ ትምህርቱን ይቀጥል።»

«ትንሽ ይቆይ፣ ራጂያ። ገና ይጨምራል።»

«ያኔም ያልከው ይህንኑ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን፣ የሚያልፉትን ባጃጆች ያይ ጀመር። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ነገ እሸጠዋለሁ» አለ። «ለማህዲ ግን አንቺ ንገሪው። እኔ ዓይኑን ማየት አፍራለሁ።»