ሰባተኛው ዜማ

በ1867፣ ፕሩሲያ ጦራችንን በደቆሰ በዓመቱ፣ ቪየናን ቫልስ የሚሉት አንድ አዲስ የዳንስ ዜማ ያዛት። ያዛት ያልኩት እንደ ጉንፋን ነው። ዳቦ ጋጋሪው ያፏጨዋል፤ ልብስ አጣቢዋ ታንጎራጉረዋለች፤ የሰፈራችን ቄስ እንኳ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ በእግራቸው ሲመቱት አይቻለሁ። ለሌላው ሰው ደስታ ነበር፤ ለእኔ ግን ሥራ።

ባሌ ሲሞት የተወልኝ የመንገድ ኦርጋን የሚሠራበትን ሱቅ ነው። በኦርጋኑ ሣጥን ውስጥ ድብልብል እንጨት አለ፤ እንጨቱ ላይ ሺህ ጥቃቅን ሚስማር ተተክሏል፤ እጀታው ሲዞር ቧንቧዎቹን የሚያስጮኸው ያ ሚስማር ነው። አንድ እንጨት የሚይዘው ስምንት ዜማ ነው፣ ዘጠኝ አይገባበትም። ስለዚህ ቫልሱ እንዲገባ ከስምንቱ አንዱ መነቀል አለበት። ከፋሲካ እስከ መስከረም፣ አርባ አንድ እንጨት ላይ ያንኑ ቫልስ ተከልኩ። ጣቶቼ አበጡ፤ ጆሮዬ ደግሞ ከጣቶቼ ይብስ ታከተው።

አሎይስ የመጣው በመስከረም ነው። በሶልፌሪኖ ጦርነት ላይ ግራ እጁን ጥሎ የመጣ ወታደር ነው፤ መንግሥት በእጁ ፈንታ በየግቢው ኦርጋን እያዞረ ሳንቲም የመሰብሰብ ፈቃድ ሰጠው። እሱ በቀኝ እጁ ያዞራል፣ ሚስቱ ሬዚ አጠገቡ ቆማ ሰባተኛውን ዜማ ትዘፍናለች። ከስምንቱ የእሷ እሱ ብቻ ነው። ስድስተኛው የአሎይስ ክፍለ ጦር ማርሽ ነው፤ እሱን ሲያዞር ወገቡ ቀጥ ይላል።

«እትዬ ካቲ፣ ሰባተኛውን ንቀይልኝና ቫልሱን ትከይበት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ለምን ብዬ ጠየቅኩት። የሬዚ ድምፅ አልቋል፤ ግቢ ገብተው መዝፈን ስትጀምር ሰው መስኮቱን ይዘጋል። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው የዘፈነችን ሴት አሁን ይብቃሽ ለማለት አፉ አልታዘዝ ብሎታል። ሚስማሩ ስለዛገ የተነቀለ ነው ብዬ እንድነግራት ፈለገ።

«እኔ ልዋሽልህ?» አልኩት።

«እኔ ብዋሽ ታውቅብኛለቻ።»

ለመድፍ ደረቱን የሰጠ ወንድ ለሚስቱ እውነት መናገር ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን ጀግና ስንቱን አየሁ! ግን ለመከራከርም አቅም ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም። እሺ አልኩ።

እንጨቱን ለሩብ ጣት ያህል እንኳ ወደ ጎን ቢገፉት ሌላ ዜማ ይመጣል፤ የአንዱ ረድፍ ከሌላው ያን ያህል የተጠጋ ነው። ሚስማሮቹን በወረንጦ ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ ቫልሱን ተከልኩ። ሥራው ሲያልቅ ከአንድ እስከ ስምንት አዙሮ መስማት ደንብ ነው። አላዞርኩትም። ያንን ቫልስ እንደገና ከምሰማ ብደነቁር እመርጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኦርጋኑን ልትወስድ የመጣችው ሬዚ ናት። አሎይስ አሞኛል ብሎ ልኳታል፤ የሕመሙን ዓይነት አውቄዋለሁ። ስለ ዝገቱ አፌን ሳልከፍት እጀታውን ይዛ ታዞር ጀመር። አምስቱ ዜማዎች በየተራቸው ወጡ። ስድስተኛው ላይ ማርሹ መምጣት ሲገባው ቫልሱ መጣ። ሰባተኛው ላይ የራሷ ዘፈን አንድ ሚስማር ሳይጎድለው ወጣ። ረድፍ ስቼ የአሎይስን ማርሽ ነቅያለሁ።

ሬዚ ማዞሯን አቆመች።

«ማርሹን ነው ያስነቀለው?»

ወረንጦዬን አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ።

«የክፍለ ጦሩን ማርሽ? የእኔ እንዳይነካ ብሎ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተናገሪ እንጂ አንቺ ሴትዮ አልኩት ራሴን፤ አልተናገርኩም። ስህተቴን ብነግራት የባሏንም ነገር መንገር ነበረብኝ። ፈሪው አሎይስ ብቻ አልነበረም። ኦርጋኑን በጋሪዋ ጭና፣ እንባዋን እየጠረገች ሄደች።

ሰኞ አሎይስ ራሱ መጣ። ሳይሰድበኝ ቀድሜ ጥፋቴን አመንኩ፤ ማርሹን በነጻ መልሼ እንደምተክል፣ የእሷን እንደምነቅልም ነገርኩት። አይሆንም እንደማለት ራሱን ነቀነቀና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሬዚ ቅዳሜ የአሳማ ጥብስ ሠርታ እንደጠበቀችው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ እንደሳመችው አወራኝ። እንደዚያ ካየችው ስንት ዘመኑ ነው። እሱም እንዳልሆነ መናገር አቃተው። ከዚያ ሌላ ነገርም ነግራዋለች።

«ምን አለችህ?»

«ድምፄ ማለቁን ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው አለችኝ። አንተ እንዳይከፋህ እንጂ ድሮ ባቆምኩ ነበር፣ ለገና ግን ላቆም ቆርጬ ነበር አለችኝ። አሁንማ ማርሽህን ትተህልኝ እንዴት ብዬ አቆማለሁ፣ እስክሞት እዘፍንልሃለሁ አለችኝ።»

ሳቅ ሊመጣኝ ነበር፤ ድካሙ ቀደመው።

በመጨረሻ ዘፈኑን ማሳጠር ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቻልም፤ አንድ ዜማ ማለት እንጨቱ አንዴ ዞሮ እስኪገጥም ነው።

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ አዙረዋ» አልኩት።

ተነሣና ኮፍያውን አጠለቀ።

«ትናንት ሞክሬው ነበር» አለኝ። «ቶሎ ሳዞረው ትንፋሽ ያጥራታል።»