የአስታማሚዋ ተራ

ወንድሜ አናጺ ነው። ለእንጨት ዓይን አለው፤ ለሰው ግን የለውም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሽንት ቤት ውስጥ ደም ያየችው ሚስቱ ናት። እሱማ ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል እያለ በር ሲልግ ይውል ነበር። ሥራ አለብኝ ቢላት፣ ቢቆጣት፣ እሷ ወይ ፍንክች! የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። የአንጀት ካንሰር ነው ተባለ። በጊዜ ስለተደረሰበት ዳነ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጠንካራ ወንድ» አለው። ጥንካሬው የማን እንደሆነ እኔ እህቱ አውቃለሁ።

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው እሱን በምታስታምምበት ሰሞን ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በኋላ ስጠይቃት፣ አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ አይችልም አለችኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሷ ግን ለራሷ ፍርፋሪም አልቆረሰች። እየከሳች የገዛ ቀሚሶቿን ስታጠብብ፣ ባሏ ሥራ የበዛባት መስሎት ነበር። እኔ አይቼ ሐኪም ቤት ስወስዳት ካንሰሩ ጉበቷ ጋ ደርሷል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው አለኝ። ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ።

አሁን ወንድሜ ሐኪም ቤት ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል። ክፉ አይደለም፣ ይወዳታል። ግን ማስታመም የት ያውቃል? ነርሷ ሌሊት አስመልሷት እንደሆነ ስትጠይቀው ወደ ሚስቱ ይዞራል፤ በሽተኛዋ ትመልሳለች። ሾርባ ልሥራ ብሎ ቤት ሄደና፣ ጨው የት እንዳለ በስልክ ጠየቃት። በክፍሉ ያሉትን ሌሎች ሴቶች የሚያስታምሟቸው እህትና ሴት ልጅ ናቸው፤ ባሉ የሚቀመጥላት እሷ ብቻ ስለሆነች «ታድለሽ» ይሏታል። ይሄ ይሄ ጨጓራዬን ይልጠዋል።

ትናንት ትንፋሽ አጠራት። እሱ እጇን ይዞ ሲያለቅስ ቆየና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«የኔ ምርመራ መቼ ነበር?» አላት።

ልነክሰው ደረስኩ። እሷ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰችለት።

«ማክሰኞ። ምንም ሳትበላ ሂድ። ደግሞ ብቻህን እንዳትሄድ፣ ሐኪሙ የሚልህን አትሰማም።»

ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እኔን አየችኝ። ምን እንደምትለምነኝ ገባኝ። እሺ አልኳት፤ ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።