እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ

እትዬ ኪዮክ ከሞቱ መቶ ቀን ሲሞላቸው ልጃቸው ሾክሊን ከታይፔ መጥታ ደገሰች። የተቀቀለ ዶሮ፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ አሣ፣ የቀርከሃ ቡቃያ ሾርባ፣ ምን ያልቀረበ አለ! ሁሉም ፎቷቸው ፊት ተደረደረ። እኔ ቤታችን በግድግዳ የተያያዘ ጎረቤት ነኝና ከዘመድ ሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ።

የሰፈራችን ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚበሉት ሟቿ ናቸው። እሳቸው ሳይጠግቡ ማንም አይነካም። መጥገባቸው የሚጠየቀው ሁለት ሳንቲም በመወርወር ነው። አንዱ ፊቱን ሌላው ጀርባውን ካሳየ «አዎ» ብለዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን «ገና ነው»።

«እማዬ፣ ጠገብሽ?» አለችና ሾክሊን ወረወረች። ገና። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ገና።

«ዶሮው ሳይበስል ቀርቶ እንዳይሆን» አለ ወንድሟ ቡንሆን።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ውኃ ማፍላት ለማታውቀው!»

በስድስተኛው ላይ ቀልዱ ቀረ፤ ሾክሊን ሳንቲሞቹን ለማንሳት ፈራች። ምን እንደሚያስፈራት አላጣሁትም። እናቷ ሲያርፉ ባቡር ላይ ነበረች፤ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

«ተቀይማኛለች፣ እትዬ ቢዙ» አለችኝ በጆሮዬ። «ከእጅሽ አልበላም እያለችኝ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! እናትሽ ቂም የት ያውቁና?»

ይህን ከኔ የበለጠ የሚመሰክር የለም። አንድ ጊዜ መተላለፊያ ዘጋ ብለው የአበባ ማሰሮዬን ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉት ስምንት ወር አኩርፌያቸዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ! እሳቸው በየማለዳው ሾርባ በፌስታል ቋጥረው የበራፌ እጀታ ላይ ያንጠለጥላሉ። እኔ ሾርባውን እጠጣለሁ፣ ሰላምታውን አልመልስም። የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ የኔንም ከረጢት አንጠልጥለው ይሮጣሉ፣ ያውም በሰባ ዓመታቸው። በመጨረሻ የታረቅሁት ደክሞኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማኩረፍ ያደክማል።

ሾክሊን ተንበርክካ ለስምንተኛ ጊዜ ወረወረች። ገና። ምግቡ በረደ። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል፣ የአንዱ አጎት ሆድ ይጮኻል።

እሱ ሲጮህ ነው ነገሩ የገባኝ። እትዬ ኪዮክ መቼ ነው ከእንግዳ ቀድመው የበሉት? ሠላሳ ዓመት ተጎራብተናል፤ ጭልፋቸውን ይዘው ምድጃው አጠገብ ቆመው «እናንተ ብሉ፣ እኔ እደርሳለሁ» ከማለት በቀር አንድ ቀን ከእኛ ጋር አልተቀመጡም። ሁሉም ጠግቦ ሲያገሳ ነው የተረፈውን የአሣ ጭንቅላት እዚያው ቆመው የሚግጡት። ታዲያ ዛሬ አሥር ሰው ተርቦ ቆሞ እያየ፣ እንዴት ብለው ይጥገቡ?

«ቁጭ በሉ!» አልኩ። «ሁላችሁም!»

«እትዬ፣ ነውር ነው እኮ። ገና አልፈቀደችም» አለ ቡንሆን።

«ቁጭ በል አልኩህ!»

የዶሮውን እግር ገንጥዬ ገመጥኩ። ጨው ጎድሎታል፣ አልተናገርኩም። ለሾክሊን ከአሣው ቆርሼ ሳህኗ ላይ ጣልኩላት። እንባዋን እየጠረገች በላች። ከዚያማ ማን ይመለስ? አጎትየው ሁለት ጊዜ ጨመረ።

«በይ አሁን ጠይቂያቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ እኛ ጠግበናል» አለች። «አሁንስ ትበያለሽ?»

አንዱ ሳንቲም እዚያው ፊቱን አሳይቶ ወደቀ። ሌላው ተንከባሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ቡንሆን አፉ እንደሞላ በአራት እግሩ ተከተለው።

«ጀርባ!» ብሎ ጮኸ ከሥር። «ጀርባ ነው!»

ሾክሊን ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። እኔ የአሣውን ጭንቅላት ማንም ሳይደርስበት አነሳሁና ፎቷቸው ፊት አኖርኩ። ከጎኑም ወንበር ሳብኩላቸው።

«ዛሬስ ቁጭ ብለው ይብሉ» አልኳቸው።