የሠርኬ መስኮት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት አባታችን ተክለ ሃይማኖት ሁለቱንም እግሬን ይንሱኝ። መሐላ የማይበቃው ሰው ጎጃም በረንዳ ሄዶ ይጠይቅ። ያን እሑድ መርካቶ የነበረ ሁሉ አይቷል፤ ያልነበረውም አይቻለሁ ይላል።

ጋሼ አስናቀው ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሲነግድ አርባ ዓመት አልፎታል። ዓይኑን ሸፍነህ አንዲት ብሎን ብታስጨብጠው የምን መኪና እንደሆነች ይነግርሃል፤ ቀን ከቀናው መጨረሻ የፈታትን መካኒክ ስምም ይጨምርልሃል። የራሱ የሚላት መኪና ግን አንዲት ብቻ ነበረችው፤ እሷም በእጁ ከገባች ጀምሮ አንድ እርምጃ ተራምዳ አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በሠርጉ ቀን ነው። እሱና ሠርኬ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሲመለሱ፣ የተሳፈሩባት ትንሽ ታክሲ ሚዜውን ሁሉ ጠቅጥቃ ስለያዘች ሙሽራይቱ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በዚህ መሃል ነጭና ቀይ የአሜሪካ መኪና፣ ኢምፓላ፣ በአጠገባቸው አለፈች። ማለፉ ራሱ ጊዜ ፈጀ። ርዝመቷ የፊት መብራቷ ፋሲካ ሲውል የኋላው ገና ሕማማት ላይ የሚቆይ ዓይነት ነው። ከኋላዋ እንደ ጭልፊት የተዘረጋ ክንፍ አላት። ውስጧ አንዲት ሴት ክርኗን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ፣ የምትቸኩልበት ጉዳይ በምድር ላይ የሌለ ይመስል ዝም ብላ ትሄዳለች።

«እንዲህ ክርኔን አውጥቼ አንድ ቀን ብሄድ ሌላ ነገር አልጠይቅህም» አለች ሠርኬ።

«በዚችው መንገድ እወስድሻለሁ» አላት አስናቀው።

ሙሽራ ብዙ ነገር ይላል። አስናቀው ግን የምሩን ነበር።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ የዚያችኑ ዓይነት ኢምፓላ ጎጃም በረንዳ አንድ የእህል መጋዘን ጓሮ ውስጥ አገኛት። በር የላት፣ ኮፈን የላት፤ ዶሮ ሰፍሮባታል። ገዛት። መርካቶ ውስጥ መኪና አይሞትም፣ ይበተናል እንጂ፤ አስናቀው የተበተነውን ሊለቅም ተነሳ። የቀኝ በሯን ምናለሽ ተራ የአንዲት ሱቅ መዝጊያ ሆኖ አገኘው። የፊት መከላከያ ፓራውልቷ ላይ ሥጋ ቤት ውስጥ ሙክት ተንጠልጥሎበት ነበር። የኋላ ወንበሯ አብነት ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ነው የተገኘው። ሲገዛው ሰባት ሰው ተቀምጦበት ተራ ይጠብቅ ነበር። አምስቱ ተለምነው ተነሱ፤ ሁለቱ ተራችንን አንለቅም ብለው ከነወንበሩ ተጭነው ጎጃም በረንዳ ደረሱ።

ሠርኬ በዚህ ሁሉ ትስቅበት ነበር።

«የሰው ባል ውሽማ ይዞ ይጠፋል፤ የኔው ቆርቆሮ ይዞ ጠፋ» ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀዋለች። «የኔ መስኮት ግን ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ።»

ጠዋት ጠዋት ሱቁን የምትከፍተው እሷ ነበረች፤ ለሱቁም አንድ ሕግ አውጥታለታለች። የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህን መርካቶ በሙሉ ያውቀዋል፣ ሠርኬ ግን ታጠብቀዋለች። «የመጀመሪያውን ሰው የመለሰ ቀኑን መለሰ» ነው የምትለው። አንድ ማለዳ አንድ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ተሳስቶ ገብቶ ጎመን ቢጠይቃት፣ በጓሮ ወጥታ ከጉልት ገዝታ ሸጠችለት።

ዓመታቱ ሄዱ። ኢምፓላዋ በር አገኘች፣ ኮፈን አገኘች፣ ክንፏ ቀለም ተቀባ። በመጨረሻ ቤንዚኑን ከአየር የሚያዋህደው ካርቡራተር ብቻ ቀረ። እሱን አስናቀው ዘጠኝ ዓመት ፈለገው። ዘንድሮ ድሬዳዋ ውስጥ ተገኘ። መካኒኩ ጴጥሮስ ገጠመውና ሐሙስ ዕለት ቁልፉን ሲያዞር ኢምፓላዋ ከሆዷ አጓራች። የመጋዘኑ አይጦች ልጆቻቸውን አዝለው ወጡ። አስናቀው ዓይኑን ጠረገ።

«ጭሱ ነው» አለ።

«ጭሱ ነው ጋሼ» አለ ጴጥሮስ። ጭስ የሚባል አልነበረም።

ጊዜው ግን አልቋል። ጓሮው ሰኞ ሊፈርስ ነው፣ ፎቅ ይቆምበታል፤ ሰኞ እዚያ የተገኘ ብረት ሁሉ ወደ ማቅለጫ ይጫናል። ስለዚህ እሑድ፣ ገበያው ተዘግቶ የመርካቶ መንገድ ሲተነፍስ፣ ኢምፓላዋ በተክለ ሃይማኖት በኩል አልፋ አብነት ሰፈር ወዳለው የወንድሙ ግቢ ትገባለች። ያቺው መንገድ ናት።

ቅዳሜ ማለዳ አስናቀው ካርቡራተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ላጽዳው ብሎ ፈታው፣ ወደ ሱቁም አመጣው። ሱቁን ከፍቶ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ እንደ ታጠበ ሕፃን በጨርቅ ሲያደርቀው አንዲት ሴት ገባች። በለጥሻቸው ትባላለች፤ ከዳንግላ ወዲያ ማዶ ወፍጮ ቤት አላት።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ» አለችና ከነጠላዋ ጫፍ የተሰነጠቀ ብረት ፈታች። «የወፍጮዬ ሞተር የድሮ የአሜሪካ መኪና ሞተር ነው። ይሄ ተሰብሮብኝ የሰዉ እህል በሬ ላይ ተከምሯል። ትናንት ስዞር ውዬ ሁሉም የለም አለኝ።» ይሄኔ ዓይኗ ባንኮኒው ላይ አረፈ። «ይኸው። እርስዎ ዘንድ ኖሯል።»

አስናቀው አይሸጥም ሊል አፉን ከፈተ። የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ ግን እሷ ናት። ወደ በሩ አየ። ካንዴላ የሚፈልግ ይሁን አምፖል፣ አንድ ሰው ዘው ብሎ የመጀመሪያነቷን ቢወስድባት ብሎ ለመነ። እንደዚያ ቀን ጠዋት ሱማሌ ተራ ሰው ርቦት አያውቅም። አንድ ውሻ እንኳ አላለፈም። ሠርኬ በዚህች ሰዓት ምን እንደምትለው ደግሞ ልቅም አድርጎ ያውቃል።

«ልጠቅልልሽ እህቴ» አለ።

ጴጥሮስ ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ጣለው።

«ዘጠኝ ዓመት የፈለጉትን?»

«የመጀመሪያ ገዢ ናት።»

«ሱቁን ሳይከፍቱ ቢያጸዱትስ ኖሮ?»

«ከፍቼው ነበራ።»

«እስከ ነገ ሌላ ከየት ይመጣል? በምን ትሄዳለች?»

አስናቀው ከጎጃም በረንዳ ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ በሐሳቡ አየው።

«በቁልቁለት» አለ።

እሑድ ቀትር ላይ የተሸካሚዎቹን አለቃ እንድሪስን ጠራው።

«እንድሪስ፣ አንድ ዕቃ አለኝ።»

«ስንት ኩንታል ይሆናል?»

«ክንፍ አለው።»

እንድሪስ ኢምፓላዋን ዞሮ ዞሮ አያት። «ጋሼ፣ እኛ ፍሪጅ ተሸክመናል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ከነሶፋው አድርሰናል። ባለ ክንፍ ግን ገና ዛሬ ነው። የምትበር ከሆነ ከአሁኑ ይንገሩን፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግነው።»

አርባ ተሸካሚ ከኋላዋ ተሰለፈ። አስናቀው የሠርጉን ከረባት አስሮ መሪውን ያዘ። ሠርኬ በቀኝ በኩል ገብታ ነጠላዋን አስተካከለች። መስኮቱ ዝቅ ብሏል። ክርኗን አወጣች።

«መንገድ፣ መንገድ» እያለ ሰዉ ገፋ። ኢምፓላዋ ሁለቴ ተንቀጠቀጠችና ቁልቁለቱን ስትይዝ ከአርባ እጅ ላይ እንደ ሳሙና ሾለከች። ተሸካሚዎቹ ከኋላ እየሮጡ ቀሩ። ሞተር የለ፣ ድምፅ የለ። የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ብቻ ነው። የተዘጉት ሱቆች የቆርቆሮ በር ምስል በነጩና በቀዩ ቀለም ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ መሪው ሰፊ ነው፤ ኮፈኑ ከፊቱ እንደ ሜዳ ተዘርግቷል። አስናቀው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያስበው የኖረው ትልቅ ነገር አድርጎ ነበር። ይህን ያህል ጸጥ ያለ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም።

አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ መኪናው ከጎኑ ተስተካከለ።

«ጋሼ፣ ይቺም ቻርጅ ነው የምትደረገው?»

«አዎ ልጄ። ሃምሳ ዓመት ቻርጅ ላይ ነበረች።»

ተክለ ሃይማኖት ሲደርሱ ሠርኬ ለቤተ ክርስቲያኑ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ቀስ በል እንጂ። ቶሎ እንዳንደርስ» አለችው።

ፍሬኑን ያዝ አደረገ። ከዚያ በኋላ ኤሊ ብትሆን ትቀድማቸው ነበር። ግን ቁልቁለትም ያልቃል። አብነት መግቢያ ላይ ኢምፓላዋ ተንፈስ ብላ ቆመች። እንድሪስና ሰዎቹ እያለከለኩ ሲደርሱ አስናቀው መሪውን እንደያዘ ነበር።

«ደረስን እኮ ጋሼ» አለው እንድሪስ።

«አውቃለሁ» አለ። አልወረደም።

እንግዲህ ምያለሁ፤ እግሮቼንም እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር ልመልስ። ጎመኑ እውነት ነው። ከነወንበራቸው የተጫኑት ሁለቱ ሰዎችም እውነት ናቸው፤ አንደኛው እስካሁን ተራዬ አልደረሰም ይላል። አርባው ተሸካሚም አርባ ነው፣ ቆጥሬአቸዋለሁ። የጨመርኩት ሠርኬን ነው። ያን እሑድ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። የቀኙ ወንበር ባዶውን ነው የወረደው፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ማውራት ስላቃተኝ አስቀመጥኳት።

መስኮቱን ግን፣ ከመነሳታቸው በፊት ጎንበስ ብሎ እስከ ታች ያወረደው አስናቀው ራሱ ነው። ተክለ ሃይማኖት ሲደርስም ፍሬን ይዟል።