የሸድሊ ጣትና በሶብላው

ወሲላ የአማቷን ጣት መንካት ቀርቶ ማየት አትወድም ነበር። አማቷ ሽማግሌው ሸድሊ ሱረት ይስባሉ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ሲናፈጡም መሐረቡ ኪሳቸው ውስጥ እያለ በእነዚያው ጣቶች ነው።

በዚያ በጋ ልጇ ሱንዱስ ልትታጭ ስለነበር ወሲላ ከተስቱር ገበያ ሁለት የበሶብላ ችግኝ ገዝታ በሸክላ ተከለችና በር ላይ አኖረቻቸው። በማግስቱ ሸድሊ ከመስጊድ ሲመለሱ ጎንበስ አሉና በዚያ ጣታቸው የአንዱን አናት ቀንጥሰው ጆሮአቸው ላይ ሰኩ።

«ኧረ አባባ! ምነው ይቺን እንኳ ቢተዉልኝ!»

«ምን አጠፋሁ? አናቱን ካልቀነጠሱት እንደ መቃ ሽቅብ ነው የሚሮጠው» አሉና ችግኙ ላይ አነጠሱበት። ቅጠሉ ላይ የተንጠለጠለውን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ያልተነካውን የእሳቸው ጉልበት ወደማይደርስበት ሰገነት አወጣችው። በሩ ላይ በቀረው ግን ፊቷን አዙራ ከሩቅ ውኃ ትደፋበታለች እንጂ አትጠጋውም። እሳቸው ግን በየጊዜው ይቀነጥሳሉ።

የመታጨቱ ቀን የሰገነቱን አስወረደች። ቀጭን እንጨት ሆኗል፤ ከታች ራቁቱን፣ ጫፉ ላይ አበባ ብቻ። የበሩ ደግሞ እንደ በግ ጀርባ ድፍን ብሎ ክብ ሠርቷል። ምን ታድርግ፣ እሱኑ እንግዶች ፊት አስቀመጠች።

የሙሽራው እናት ሩቂያ ፊታቸውን ቅጠሉ ውስጥ ቀበሩት። «ወይ መዓዛ! እጅሽ ይባረክ እህቴ!» ብለው አንድ ቅጠል በጥሰው አኘኩ።

ወሲላ ዓይኗን ጨፈነች።

«እጁስ የእኔ ነው!» አሉ ሸድሊ፣ ሁለቱን ጣቶች በኩራት እያሳዩ።

ነገሩ ሰምሮ እንግዶቹ መርቀው ሄዱ። ጠዋት ወሲላ የሰገነቱን ሸክላ ይዛ ቀረበች።

«ይቺስ የት ጋ ነው የምትቀነጠሰው?»

በቃል ይነግሩኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን አፍንጫቸውን ጠረግ አድርገው እጇን ያዙና ጣቷን ከጥንድ ቅጠል በላይ አሳረፉት። የእሳቸው ጣት እርጥብ ነበር።

«እዚህ ጋ። ዋናው ጫፍ ቆሞ ሳለ የጎኖቹ አይነሱም ልጄ፤ እንደተኙ ነው የሚቀሩት። በይ ቁረጪ።»

ቀጭ አደረገችውና ሮጣ በሳሙና፣ ቀጥሎም በሎሚ እጇን ፈተገች። አፍንጫዋ ግን ሱረት ሱረት አላት፤ ምሳም አልበላችም።

በሁለተኛው ሳምንት ከተቆረጠው ሥር፣ ከቅጠሎቹ ብብት ግራና ቀኝ ሁለት ለጋ ቀንበጥ ብቅ አለ። እነሱንም ቀነጠሰቻቸው፤ አራት ሆኑ። ሸድሊ ሲጠጉ «አባባ፣ እጅ!» ትላለች፤ እሳቸው ይስቃሉ።

ሩቂያ ያንን የበሩን በሶብላ ካልሰጣችሁኝ ብለው ሲልኩባት አላመነታችም፤ ዕለቱን አሸክማ ላከችላቸው። ቆሞበት የነበረውንም ደፍ በበረኪና አጠበችው።