ሙሉ ኖር

በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ትይዩ ወንበር አለ። በወንበሩ ላይ እኔ አለሁ... የድሬዳዋ ፀሐይ እስከ ጉልበቴ ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አትደፍርም።

ልነሳ ነው ዛሬ። ልነሳ ነው!

ወድቄ ነበር እኔ ሙሉመቤት፣ በገዛ ግቢዬ፣ በሳሙና ውሃ ላይ። ዳሌዬ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ጠግነው ወደ ቤቴ መለሱኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«አይነሱ» አለች ጎረቤቴ። «አይነሱ» አሉ የዕድሩ ሰዎች። «አትነሺ፣ እማዬ!» አለች ልጄ ሰብለ፤ ጠዋት አለች፣ ማታ አለች።

እንዴት አልነሳ? ሰው ሲገባ «ኖር!» ብዬ ብድግ ሳልል ቀርቼ የማላውቅ ሴት... ገና «ኖ...» ስል ትከሻዬን ይይዙኛል። «በእግዜር» ብሎ የሚመልስልኝ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ከእግሬ ይልቅ ያቺ ቃል ናፈቀችኝ።

ከዚያ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ ከደሴ ደወለች። «እመጣለሁ። እግርሽ ካልጠና ቤቱን ዘግተን ይዤሽ እመለሳለሁ።»

እትዬ ዘነቡ ካለች አለች ነው። ከወንበሩ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ተመልሶ የሚቀመጠውን ሰው እንኳ አትምርም። «ግማሽ ኖር ስድብ ነው» ትላለች።

ቤቴን ልለቅ? ይህን በር? ይህን ፀሐይ? ... አልለቅም!

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሀናን ግን ይህን የእህቴን አባባል ስነግራት ሳቀች። «እማማ ሙሉ፣ ግማሿ እኮ ናት መድኃኒቷ!» ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ፣ እግርን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረትን ወደ ፊት ዘንበል፣ የወንበሩን ክንድ ገፋ... ከፍ፤ ቀስ ብሎ ቁጭ። ከፍ፤ ቀስ ብሎ ቁጭ።

ኧረ ይሄማ ኖር ነው!

ተነሳሁ እንግዲህ። ለሚገባው ተነሳሁ፣ ለሚያልፈው ተነሳሁ። ለቆጣሪ አንባቢው... ኖር! ለጎረቤት ፍየል... ኖር! ለድመቷ... ኖር!

«እማዬ፣ ለድመት ነው የምትነሺው?» አለች ሰብለ፣ ሳቅና ድንጋጤ እየተናነቋት።

«እንግዳ እንግዳ ነው» አልኳት።

አመመኝ። አልዋሽም፤ አልቅሼ የተቀመጥኩበት ቀን አለ። ግማሹ ግን እያደር ከግማሽ አለፈ። አንድ ማለዳ መደገፊያ ብረቴን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ፤ ሄጄም ተመለስኩ፤ ተመልሼም ብቻዬን ሳቅሁ። እንደ ልጃገረድ ሆንኩ፣ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

ልነሳ ነው ዛሬ። ልነሳ ነው!

ባጃጅ ቆመ ደጅ። ከሾፌሩ ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ ናት፤ ድምፅዋን የት አጣዋለሁ? መጣች! እትዬ ዘነቡ መጣች!

በሩን ሞላችው። ሰብለ ልትይዘኝ ሮጠች፤ በዓይኔ አስቆምኳት።

ጫፍ... ዘንበል... ገፋ...

«ኖር!»

ግማሽ አይደለም። ሙሉ ነው። መቀመጫዬ ለቀቀ፣ ጉልበቴ ተዘረጋ፣ ወገቤ ቀና፤ ቆምኩ እኔ፣ ብረቴን ይዤ ቆምኩ!

እትዬ ዘነቡ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አትነሺ ልትለኝ ይሆን? እሷም እንደ ሁሉም?

«በእግዜር» አለች። «በእግዜር፣ ሙሉዬ።»

ከወደቅኩ ወዲህ የሳመኝ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሳመኝ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ሳመችኝ፤ ቀጥ ብዬ ሳምኳት። ጉንጯ እርጥብ ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ፀሐይዋ እስከ ውስጥ ዘልቃለች። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

እትዬ ዘነቡ ወደ ሰብለ ዞረች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ የተቆጣች ለመምሰል እየሞከረች።

«ብቻዬን ነው የምመለሰው» አለቻት።